የእኔን ዋዛ ማን ነፋው?

ከአሶሳ በወጣሁበት ምሽት ጓደኛዬ ሐሺም የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለእኔ፣ ሌላውን ለራሱ ሰክቶ ማንጎው ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። የሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ የሚወስደኝ ፒካፕ ሞተሩን አስነሥቶ ሾፌሩ ይጮሃል፤ እኛ ግን የአልበማችንን ሦስተኛ ዘፈን ሳንጨርስ አንነሣም ብለን ድርቅ አልን። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እንግዲህ በዚህ የአጋንንት ጩኸት ነው የምትሸኘው?" አለ። ከመንዲ መጥቶ አሶሳ ኑሮውን የመሠረተ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በጸሎት ሊሸኘኝ ነበር የፈለገው። ዘፈኑ ሲያልቅ ጉንጬን ሳም አድርጎኝ ዘወር አለ።

ስለ አልበሙ ልንገራችሁ። ሐሺም ጾሬ ስደተኞች ጣቢያ የውሃ ቦቴ ይነዳል። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ የፊንላንድ ቴክኒሻን ወደ አገሩ ሲመለስ ፍላሽ ሰጠው። ለእሱ፣ ለእኔ አይደለም! ለሰውየው ማንጎ የምሸከምለት እኔ ነበርኩ እኮ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ፍላሹ ላይ የአገሩ ልጆች የሠሩት የሃርድ ሮክ አልበም ነበር፤ ሽፋኑ ላይ በረዶ ውስጥ የተቀረቀረች ጀልባ አለች። እኛ ሮክ አሜሪካ ብቻ የሚበቅል ይመስለን ነበር። ጉባ ግድቡ ላይ ስሠራ የሰማሁት የድንጋይ መፍጫ ዜማ ቢያወጣ እንደዚያ ነበር የሚሆነው። ወይ ጉድ፣ ምን ዓይነት ነገር ነው አልን፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሙዚቃ አልጥም አለን።

ሐሺም የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አጎቱ ሼክ ኢድሪስ የዋዛ ቡድን ይመራሉ። ዋዛ ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ቅል በቅል ላይ ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፣ ሰርግ ላይ የሚነፋ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ተራውን ይጠብቃል፣ ይነፋል፣ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። አንዱ ነፊ ሲታመም እኔ የወለጋው ልጅ ትንሿ ዋዛ ተሰጠችኝና በዚያው ቀረሁ። ሦስተኛውን ዘፈን በዋዛ እንንፋው ያልኩት እኔ ነኝ። ማን መቼ እንደሚነፋ ያከፋፈልኩትም እኔው። ሼክ ኢድሪስ ሰምተው ሳቁ። "ይሄ ዘፈን ሰርግ የለውም። ሙሽራው ይሸሻል" አሉ። የጉባው ሥራዬ አልቆ፣ መንገዱም ሰላም አጥቶ ስሰደድ በልቤ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ያለ እኔ አይነፏትም፤ ቦታዬ ክፍት ሆኖ ይጠብቀኛል።

የመንገዱን ነገር ብዙዎች ስለተናገሩት አላሰለቻችሁም። ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕር፤ ሌላው ካለቀበት እኔ ተረፍኩ፣ ተመስገን። ባሕሩ ሲንጠን የአልበሙ ሽፋን ላይ ያለችው ጀልባ ትዝ አለችኝ። እሷን እንኳ በረዶው ደግፎ ይዟታል ብዬ ቀናሁባት። በጀልባ ሥዕል የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ፊንላንድ ስደርስ ጉዳዬን የያዘችው ሹም፣ "ከዚህ ሁሉ አገር ለምን እኛን መረጥክ?" አለችኝ በአስተርጓሚ። የሸሸሁበትን ሁሉ ነግሬ ሳበቃ ስለ አልበሙም ጨመርኩላት። ከኮምፒውተሯ ቀና አለች፣ ፊቷ ፈካ።

"የጀልባው አልበም?"

"አዎ!" አልኩ፣ በቃ አለፈልኝ ብዬ።

"የመጀመሪያው አልበማቸው ይሻላል" አለችና ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። መልስ እስኪመጣልኝ ስንት እንደጠበቅኩ ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ይኸው አሁን ወረቀት አግኝቼ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። እዚህ ሳውና የሚሉት ነገር አለ፤ የአሶሳን የመጋቢት ሙቀት የእንጨት ክፍል ውስጥ ዘግተውበት ራቁታቸውን ገብተው "እፎይ!" ይላሉ። አሶሳ ያሉት በነፃ ይማረሩበታል። ሩይስሌይፓ የሚባለው ጥቁር ዳቦ ለመንጋጋ ፈተና ነው። ማንጎ ደግሞ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ አንድ በአንድ ይሸጣል፤ እኛ ሰፈር ከዛፍ ሥር ወድቆ ዝንብ የሚጨፍርበትን ሳስብ አንጀቴ ያራል።

አንድ እሑድ ዋዛዬ ብትናፍቀኝ የውሃ ቱቦ ቆርጬ ድምፄን ነፋሁ። አከራዬ፣ ራሷ ሮክ ስትከፍት ግድግዳ የምታንቀጠቅጥ አሮጊት፣ በሬን አንኳኳች።

"ቧንቧው ፈነዳ እንዴ?"

"ሙዚቃ ነው።"

"አንድ ድምፅ ብቻ?"

"የቀሩት አሶሳ ናቸው።"

"እንግዲያው እነሱ እስኪመጡ ጠብቅ" ብላኝ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት አልበሙን የሠራው ባንድ ከተማችን መጥቶ ተጫወተ። ገባሁ። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር እንባዬ መጣ። ከፊቴ ግን አንድ አባት ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ሁለቱም ቃል በቃል አብረው ይዘፍናሉ። ቅናት አንገበገበኝ። እኔ ከአባቴ ጋር የተጣላሁበትን ዘፈን እነሱ ይታቀፉበታል! ዘፈኑን ምን እንዳደረጉት አላውቅም፤ ዓይኔ ከዚያ ልጅ ሳይነቀል አለቀ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ስጠብቅ ሐሺም ደወለ።

"ወላሂ ለሊሳ፣ እህቴን ስንድር ነፋናት! ሦስተኛዋን! አጎቴ ራሱ ፈቀደ። ሙሽራውም አልሸሸም!"

እንኳን ደስ አላችሁ ማለት ሲገባኝ ነፊዎቹን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ያለ እኔ? ያቺ ክፍት ቦታዬስ?

"የእኔን ማን ነፋው?"

ስለ ድግሱ ማውራት ጀመረ።

"ማነው? ንገረኝ፣ አልቆጣም።" እየተቆጣሁ ነው።

"አባትህ ናቸው።"

ሳቅኩ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

"ከሄድክ ጀምሮ ልምምድ ላይ ይመጣሉ። መጀመሪያ ደጅ ነበር የሚቀመጡት። አጎቴ ለዋዛህ ሌላ ሰው ሲፈልግ ተነሥተው 'የልጄን ማንም አይነካትም' አሉ። ሁሌ ይዘገያሉ እንጂ ይነፋሉ። ኢንሻአላህ ይለምዳሉ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በገዛ አባቴ ቀናሁ። ከእኔ ጋር አንዴም ያልሰማውን ዘፈን እኔ ስሄድ ከሰው ጋር ቆሞ ነፋው! "እዚያ ካለ አቅርብልኝ" አልኩት።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ደህና ነህ? በላህ?" አለ አባቴ።

"አባ፣ የአጋንንት ጩኸት ነው አላልክም ነበር?"

"አሁንም ጩኸት ነው። ግን ቤቱ ጭር ሲልብኝ ምን ላድርግ?"

"ስመጣ ዋዛዬን ትመልስልኛለህ?"

"እሷንስ አልሰጥም፣ ለምጃታለሁ። አንተ ብቻ ና፤ አጠገቤ ቁም፤ ሌላ ይፈለግልሃል።"

"እስቲ ንፋት" አልኩት።

ነፋ። አንድ ድምፅ፣ የእኔ። ቀጥሎ የሐሺም ተራ ነበር፤ እሱ ግን ስልኩን ስለያዘ አልነፋም። የእሱን ድምፅ በአፌ አወጣሁለት። ሰው ቀና ብለው የማያዩት ፊንላንዶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አባቴ ደገመ፣ እኔም ተቀበልኩ፤ አውቶቡሱ መጥቶ ትቶኝ ሄደ። ከዚያ አባቴ መንፋቱን አቆመና፣ "ዘገየህ እኮ" አለኝ።

"ስልኩ ነው አባ። ከሩቅ ስለሆነ ነው።"

"ይሁን" አለ። "እኔም እኮ የምዘገየው፣ ተራዋ በደረሰች ቁጥር አንተ የምትነፋት እየመሰለኝ ነው።"