ለቀፎ የተሰፋ ኮት

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ ነው የሚላት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይወጋል። ቀሚስ ልታሳጥር እሷ ዘንድ የሄደች ሴት ቀሚሷ አጥሮላት፣ ስለ ባሏና ስለ ጫማዋ ደግሞ ያልጠየቀችውን ምክር ተሸክማ ነው የምትመለሰው። ማንም ግን አይቀየማትም። እጇ ወርቅ ነው፤ ተናግራ ከጨረሰች በኋላም ሆዷ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ሰው አርፎ ይቀመጣል ሲል፣ እሱ ሕንፃው ጣሪያ ላይ የንብ ቀፎ አኖረ። አንድ ቀፎ ብቻ፣ ግን ምን ዋጋ አለው፤ ጠዋት ሲነሳ ከሚስቱ በፊት "ደህና አደራችሁ?" የሚለው እነሱን ሆነ። እሷም "ጣውንቶቼ" ብላ ስም አወጣችላቸው። "ጣውንቶቼ ዛሬስ ምን አሉ? አሙኝ?" ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። እንዲህ ሲኗኗሩ ነው እንግዲህ፣ የዚህ በረዷማ አገር ብርድ ሊገባ ሰሞን፣ ደረጃው ላይ ተንሸራቶ ዳሌው የተሰበረው።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ። አልጠገን ያለው ቅስሙ ነው። አንድ ቀን ልትጠይቀው ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና "ከዚህ ስወጣ ወንድሜ ቤት ነው የምገባው" አላት።

"ምነው፣ የራስህን ቤት እሳት በላው?"

"የወንድሜ ምድር ቤት ነው። የኛ ሦስተኛ ፎቅ። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ እኔን ደግፈሽ ደረጃ ስትወጪ፣ ስታጥቢኝ፣ ስታለብሺኝ... አይሆንም። ሸክም አልሆንብሽም። በቃ፣ ቆርጫለሁ።"

የስድብ ዓይነት ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰለፈ፤ አንዱም ግን አልወጣ አላት። እትዬ መርፌ ቃል ጠፋባት ብዬ ብነግራቸው ጎረቤቶቿ አያምኑኝም። ልትሄድ ስትነሳ ብቻ ጠራትና "ንቦቹን አደራ" አላት። "ምንም አታድርጊያቸው፣ ዝም ብለሽ ተያቸው።"

እሷ የሰማችው "አደራ" የሚለውን ነው። "ዝም ብለሽ ተያቸው" የሚለው ጆሮዋ ጥልቅም አላለ። ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ውስጧ የሚመላለሰው አንድ ሐሳብ ነበር። ይህ ሰው ከቤቱ የቀረው ናፍቆት እነዚህ ንቦች ናቸው። እነሱ ከሞቱ በምን አባቷ ትመልሰዋለች?

ከዚያ ውርጩ መጣ። ምን ዓይነት ውርጭ እቴ! የታጠበ ሸሚዝ ገመድ ላይ እንደ ጣውላ ይገተራል። ጣሪያው ላይ ወጥታ ቀፎውን ብታየው አንድም ንብ የለም፤ በረዶ የተከመረበት ራቁቱን የቆመ ሳጥን ብቻ። አንጀቷ አልቻለም። "ጣውንት ብትሆኑም የሰው አደራ ናችሁ" አለችና ወርዳ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

ኮት ሰፋችላቸው። እውነቴን ነው፣ ለቀፎ ኮት! ከላይ ውኃ የማያስገባ ሸራ፣ ከመሃል ጥጥ፣ ከውስጥ የአሮጌ ብርድ ልብስ ገበር። ልኩን ስትወስድ ሜትሩን በቀፎው ወገብ ዙሪያ አዙራ፣ "አይ ውፍረት! ማሩን ብቻችሁን እየበላችሁ" እያለች ነበር። ከታች ያለውን መግቢያቸውን ተወችላቸው። ከላይ፣ ክዳኑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን "ይህቺማ የብርድ በር ናት" ብላ በድርብ ስፌት ደፈነቻት። አልብሳቸው ስትጨርስ ራቅ ብላ አየችና ደስ አላት።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀትር ፀሐይ ወጣ ብትል ልትጎበኛቸው ጣሪያው ላይ ወጣች። ከመግቢያው ፊት በረዶው ላይ ንብ ሞቶ ተበትኗል። ከደጃፋቸውም ውኃ እየተንጠባጠበ ነው። ልደብቀው ይሆን ብላ ለአፍታ አሰበች፤ ግን እሷ ውሸት አልተፈጠረላትም። ስልኳን አወጣችና ደወለችለት።

"ገደልኳቸው" አለች እያለቀሰች። "አደራህን በላሁ።"

"ቆይ፣ ረጋ በይ። ጆሮሽን ሳጥኑ ላይ ለጥፊና በጣትሽ ኳ ኳ አድርጊ።"

የኮቱን ጠርዝ ገልጣ ጆሮዋን ለጠፈች። ቅዝቃዜው ጉንጯን ቆረጣት። ኳ ኳ አደረገች። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ነገር እምም አለ።

"ያጉረመርማሉ! ኧረ እየሰደቡኝ ነው!"

"ተመስገን፣ በሕይወት አሉ" አለ። ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ድምፁ እንዲህ ሞቅ ብሎ አያውቅም። "የሞቱት ያረጁት ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ወጣቶቹ ንቦች ሬሳ አውጥተው ቤት ይጠርጋሉ፣ አትደንግጪ።"

"ውኃውስ?"

"የምን ውኃ?"

ስለ ኮቱ ነገረችው። ስለ ሸራው፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ድርብ ስፌቱ። እሱም "ኮት?" ብሎ ሳቀ፤ ዳሌዬን፣ ዳሌዬን እያለ ሳቀ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ኮቱስ ምንም አይል፤ ቀዳዳዋን ነው የበደልሽው። ደረቅ ከሆኑ ብርዱን ይችሉታል። ትንፋሻቸው ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ላይ ውኃ ይሆንና ተመልሶ እነሱው ላይ ይወርዳል። የረጠበ ንብ ደግሞ ይህን ብርድ አይችልም። አሁኑኑ ክፈቺላቸው።"

ከኪሷ የማይጠፋውን መቀስ አውጥታ ስፌቱን ቀደደችው። እንግዲህ ባለሙያ አይደለች፣ ቀድዳ መተው አልሆነላትም፤ ስልኩን በሻርፗ ጆሮዋ ላይ አስራ፣ እንደ ኮት ቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያውን በክር ትዘመዝም ጀመር። ጣቶቿ ደንዝዘዋል።

"እሺ፣ እሳት የላቸው፣ ምን የላቸው፤ እንዴት ነው የማይሞቱት?" አለችው።

"ንግሥታቸውን መሃል አድርገው እንደ ኳስ ይጠጋጋሉ። ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጣሉ፤ እሱ ነው ሙቀታቸው። ማሩን ለዚህ ነው የሚበሉት።"

"ዳር ላይ ያለችውስ? እሷን አይበርዳትም?"

"ይበርዳታል እንጂ። ሲበቃት ወደ ውስጥ ትገባለች፤ የሞቀችው ትወጣለች። ይፈራረቃሉ። አንዷን ዳር ላይ ጥለዋት አይቀሩም።"

መርፌዋ ቆመ።

"ስማኝማ አንተ ሰውዬ" አለች። "ዕድሜህን ሙሉ ሰው በተኛበት ሰዓት ያን ጭጋግ ጥሰህ ስትወጣ፣ እኔና ልጆቹ የት ነበርን? ብርድ ልብስ ውስጥ። ያን ጊዜ ሸክም ሆንኩብህ ብዬ ወንድሜ ቤት ገባሁ?"

የሆስፒታሉ ጋሪ ኮሪደር ላይ ሲንኳኳ ብቻ ይሰማል።

"ንብ ስታይ ኖረሃል። ወደ ውስጥ መግባት አፍራ ዳር ላይ የቀረች አንዲት ንብ አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ።

"እንግዲያው ተራህ ነው። ግባ። ደረጃውን እያረፍን እንወጣዋለን፤ ማንም አያባርረንም።"

እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲቀዘቅዝ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ መርፌው አሁንም በጣቶቿ መሃል ነው። ስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማታል።

"ነገ ስትመጪ ጫማዬን ይዘሽልኝ ነይ" አላት።

"የትኛውን?"

"ደረጃ የሚያስወጣውን።"