ማን ያጥፋው?

የልጅ ልጄ ያብስራ ስልክ ካላየ አይበላም። ሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ መሠረት፣ የኔዋ ልጅ ማለት ነው፣ ጠዋት ወደ ቢሮ ስትወጣ አሮጌውን ስልኳን ትታልኝ ትሄዳለች። ባለ ብዙ ቀለም ጫጩቶች ይዘፍናሉ፣ እሱ አፉን ይከፍታል፣ እኔ ገንፎውን አጎርሰዋለሁ። ምን እንደዋጠ ግን የሚያውቅ አይመስለኝም። ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ፣ ሲበላና ሊተኛ ሲል ጨርሶ እንዳያይ፣ በሌላው ሰዓትም በልክ እንዲሆን መክሯት ነበር። እሺ ብላ ተመለሰች። እሺታዋ እስከ እራት እንኳ አልቆየም። ዛሬ ስልኩን ቀስ ብዬ ከጭኑ ላይ ሳነሳበት አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋና አየኝ። ታናሽ ወንድሜ ልየው ትዝ አለኝ።

ያኔ ቤታችን ቡሬ ነበር። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ልየው አራት ዓመት አልሞላውም። አባታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ማሳው ይሰነብትና ለቅዳሜ ገበያ ይመጣል። ጎረቤታችን የእትዬ አትጠገብ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩና በሰፈራችን የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን ከነቪዲዮ ዴኩ አመጡ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ምንጣፍ ላይ ይኮለኮላል። ሲመሽ ሌላው ወደየቤቱ ይበተናል፣ የኛው ልጅ ግን ንቅንቅ አይልም።

ወሩ ኅዳር ነበር። ግቢው ሁሉ በርበሬ ተሰጥቶበት፣ እያስነጠስን የምንውልበት ጊዜ። እናቴ በርበሬውን እየቀነጠሰች ልየውን ትጠራዋለች፤ አጠገቧ ቆሞ አይሰማትም። ጭቃ ማቡካቱን ትቷል። እራትም አይቀምስም፣ እዚያ አብልተውታላ። ልጄ ከእጄ ወጣ ትለኝ ነበር፣ ለኔ ብቻ።

ሄዶ ማምጣት ቀላል ይመስላል፣ የኛን አገር ይሉኝታ ለማያውቅ ሰው። ከሰው ቤት የተቀመጠን ልጅ ጎትቶ ማውጣት ምን አይታብን ነው ያሰኛል። እትዬ አትጠገብም ቢሆኑ፣ እንግዳ እያየ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ሂዱልኝ ማለት ይሆንባቸዋል። ስለዚህ እናቴ ልጁ አስቸግሯችሁ እንደሆነ ጠይቂ ብላ እኔን ትልከኛለች። እሳቸውም ዓይናቸው በእንቅልፍ እየተከደነ፣ ቤቱ እኮ የራሱ ቤት ነው ይሉኛል። መልሱን ሳደርስላት ደግሞ፣ ልጄን የራሳቸው አደረጉት ማለት ነው ብላ ስትብሰለሰል ታመሻለች። በማግስቱ ግን ሰላምታዋን ከወትሮው ታበዛላቸዋለች። ሁለቱም ተቸግረው፣ ሁለቱም ተፋፍረው፣ የምመላለሰው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ የሽምብራ እሸት ከነሥሩ ነቅሎ፣ አስሮ ይዞ መጣ። ልየው ከእሸት ሁሉ እሱን ነበር የሚወደው፤ ኮምጠጥ የሚለውን ቅርፊቱን እየላሰ ሲፈለፍል ጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቁ ነበር። አባቴ ልጁ የት እንዳለ ሲሰማ እሸቱን እንደያዘ ወደ ጎረቤት ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ከደጅ ሆኖ ጠራው። ልየው አልዞረም። ድምፁን አለስልሶ ደገመለት። ልጁ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ፣ ዝም በል እንደማለት እጁን ወደ ኋላ አወዛወዘበት። አባቴን እንዲያ ያደረገው ሰው ከዚያ በፊት ያለ አይመስለኝም። እሸቱን እንዳንጠለጠለ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ይግቡ እንጂ፣ ምነዋ ደጅ ላይ?» አሉት እትዬ አትጠገብ።

«የለም፣ ልጁን ልውሰድ ብዬ ነው።»

«ገና መድረስዎ አይደል? ትንሽ አረፍ ይበሉና ይዘውት ይሄዳሉ።»

እምቢ ማለት አልሆነለትም። ገባ፣ ጠላ ተቀዳለት። እሸቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የልጁን ማጅራት ሲያይ ቆየ። ቀስ በቀስ ዓይኑ ከማጅራቱ አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። አንድ ሰውዬ ከፈረስ ላይ ሲወድቅ አባቴ ሳቀ። ፈራሁ። እኔም ግን ለመቀመጥ ቦታ እየፈለግሁ ነበር።

እናታችን ስንዘገይባት መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሦስታችንንም አየችን፤ አሁንስ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። «ደህና አምሹ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች። ዘግይተን ስንገባ ወጡ ቀዝቅዟል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች።

በኋላ የእትዬ አትጠገብ ባል ሥራቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወረና ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን ጭኖ ሄደ። ልየው በተዘጋው በራቸው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ከዚያ ወደ ጭቃው ተመለሰ። እናቴ እግዜር ገላገለኝ እያለች ስታመሰግን ኖረች። እውነቷን ነው፤ እኛማ ያደረግነው አንድም ነገር አልነበረም።

ይኸ ስልክ ግን ወዴት ይዛወራል? መሠረት ስልኩን የምትተወው እኔ እናቷ እንዳይደክመኝ ብላ ነው። እኔም የማሳየው ልጄ ከሥራ ስትገባ በልቶ ይቆያት ብዬ ነው። በቤቷ ተቀምጬ፣ ልጅሽን እንዲህ አሳድጊ ማለቱም ይከብደኛል። ተዛዝነን ልጁን እያጣነው ነው።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ከባጃጅ ወርዳ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ያብስራዬ» አለችው። ከስልኩ ቀና አላለም። ደግማ ጠራችው፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን አየኋት። ስልኩን አጥፊው እንድትለኝ እየጠበቅሁ ነበር። እሷም ከእኔ የምትጠብቀው ይህንኑ መሰለኝ።