ኮምፒውተሬ ውስጥ የቀረው ይግባኝ

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ከኮምቦልቻ ማዶ ካለችው ደጋን የመጣች አንዲት ሴት የመሬቷ ይግባኝ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ሲዘጋባት፣ በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ላይ «በአመልካቿ ቸልተኝነት» ተብሎ ተጻፈባት። ቸልተኛ አልነበረችም። በቀጠርኳት ቀን በጠዋት መጥታ ሱቄ በር ላይ ስትጠብቀኝ አግኝቻታለሁ። ቸልታው የኔ ነው፤ የኔ ብቻም አይደለም። የሁሉንም በየድርሻው እናገራለሁ።

ደሴ ፒያሳ አንድ ክፍል ሱቅ አለኝ። በሩ ላይ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ይላል። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጣቴ ግን ከብዙ የተማረ ሰው ጣት ይፈጥናል። በልጃገረድነቴ በታይፕ ጀምሬ አሁን የልጅ ልጅ አይቼም በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ሥራዬ ለፍርድ ቤትና ለቀበሌ የሚሆን ማመልከቻ ነው። ሰው ጉዳዩን ይነግረኛል፣ እኔ በእጄ ደብተር ላይ እይዛለሁ፣ ከዚያ ወደ ማሽኑ እገለብጣለሁ። አንድ ደንብ ነበረኝ። ተይቤ ስጨርስ በእጄ የጻፍኩትን ረቂቅ በባለጉዳዩ ፊት እቀደዋለሁ። ከሳሹ ጠዋት መጥቶ ያጽፋል፣ ተከሳሹም ከሰዓት እኔው ዘንድ ይመጣል። የአንዱ ሐቅ በሌላው ዓይን እንዳይገባ ረቂቅ አላሳድርም። በፍላሽም አልገለብጥም፤ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚህ ደንቤ እኮራ ነበር።

አሮጌው ኮምፒውተር ሲሞት ልጆቼ ተረዳድተው አዲስ ገዙልኝ። አዲሱ ግን አልታዘዝ አለኝ። እንግሊዝኛ የማነበው ጥቂት ነው፤ ሁሉን የማገኘው በቦታው ነው። ማተሚያው ከየት እንደሚታዘዝ፣ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው እጄ ነው። ከታች በግራ ጥግ የነበረችው መነሻ፣ ስታርት የሚሏት፣ ወደ መሐል ሄዳለች፣ የለመድኳቸው ስሞች ተሰብስበው አንድ ጓዳ ውስጥ ገብተዋል። እሱን እንኳ እለምደው ነበር። ያላስቻለኝ ሌላ ነው። የማውሷ ቀስት ወደ ጥጉ ጠጋ ባለች ቁጥር የስክሪኑን እኩሌታ የሚሸፍን የዜናና የማስታወቂያ ሰሌዳ ከጎን ይወጣል። አንድ ቀን ለሰፈራችን ሸህ የኒካሕ ወረቀት እያስነበብኳቸው ሳለ፣ ራቁቷን ለመሆን ጥቂት የቀራት ሴት ሽቶ ይዛ ብቅ አለች።

ሸሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ይችም ከሙሽሮቹ ጋር ናት?» አሉ።

ያን ቀን ሳቅን። በሌላ ቀን ግን ልጇ በጦርነቱ የጠፋባት እናት አጠገቤ ተቀምጣ እያጻፈችኝ የፈረሰ ከተማና የተደረደረ አስከሬን ወጣ። የየት አገር እንደሆነ አላውቅም። ሴትዮዋ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጥላ ተነሳች፤ ወረቀቷንም ሳትጨርስ ሄደች። ይህ ነገር ከቤቴ ይውጣ ያልኩት ያኔ ነው።

የሸጠልን ነጋዴ እዚያው ፒያሳ ነው። አጥፋልኝ አልኩት።

«አይጠፋም እማማ። ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ከተነካካ ዋስትናው ይሰረዛል።»

«እኔ ጠርቼዋለሁ?»

«መጀመሪያ ሲከፍቱት እስማማለሁ የሚለውን ተጭነዋል።»

«ያንን ባልጫን ይከፈትልኝ ነበር?»

«አይከፈትም።»

«ታዲያ ይህ ስምምነት ነው?»

ነጋዴው ለሌላ ደንበኛ ቻርጀር ሊያወርድ ዞረ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጎበዝ የሆነች ቴክኒሻን አለች ሲሉኝ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወረድኩ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ጴንጤ ሴት ናት። በፊት የፋብሪካ ኮምፒውተሮች ትጠግን ነበር፤ አሁን የራሷን ክፍል ከፍታለች። ያመጣሁትን አይታ ወዲያው ገባት።

«እማማ፣ ገዛሁት ይላሉ እንጂ የተከራዩት ነው። ሠሪዎቹ ባሻቸው ጊዜ ገብተው ዕቃ ያዘዋውራሉ።»

«እንግዲያው ኪራይ ከፋዮቹ እነሱ ይሁኑ። ግድግዳዬ ላይ ማስታወቂያ የለጠፉት እነሱ ናቸው።»

ስትስቅ ቆየችና ሥራዋን ጀመረች። ስትጨርስ ሰሌዳው የለም፣ መነሻዋም ወደ ጥጓ ተመልሳለች። ማሽኑን ከመስጠቷ በፊት ግን ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ያደረግኩትን ልንገርዎት። የእነሱን መልክ ደብቄ በላዩ የድሮውን መልክ አልብሼዋለሁ። ያለበስኩት ፕሮግራም የእነሱ አይደለም፣ ሌሎች ሰዎች የሠሩት ነው። አፕዴት ሲመጣ ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ጭራሽ አልከፈትም ሊልዎት ይችላል። ከኢንተርኔት ያርቁት። ጽሑፎችዎንም ሌላ ቦታ ገልብጠው ያስቀምጡ። ሰሙኝ?»

«ሰማሁ ልጄ።»

ሰምቻታለሁ። ሌላ ቦታ መገልበጡን ግን ከደንቤ ጋር አይሄድም ብዬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ጥሩ ነበሩ፤ ይህን አልክድም። እጄ ሁሉን በየቦታው አገኘ። ሳልጠራው የሚመጣ ምስል ጠፋ። ልጇ የጠፋባት እናት ተመልሳ ወረቀቷን አስጨረሰች። ማስነካቴ ጠቅሞኛል።

የደጋኗ ሴት የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። ባሏ ሞቷል። የባሏ ወንድም መሬቱን የኔ ነው ብሎ ከሷት የወረዳው ፍርድ ቤት ፈርዶለታል። ልጆቿን የምታበላበት ሌላ ነገር የላትም። ሁለት ቀን ሙሉ ነገረችኝ፤ ዳኛው የትኛውን ምስክር እንደዘለለ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ግብሩን ማን ይከፍል እንደነበር፣ ወሰኑን የትኛው ሽማግሌ እንደሚያውቅ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያማረ ይግባኝ የጻፍኩ አይመስለኝም። ረቂቁን በፊቷ ቀደድኩት። አንድ የወሰንተኛ ሙሉ ስም ስለጎደለን እሱን ጠይቃ እንድትመጣ፣ ጨምረን አትመን እንድትፈርም ዓርብ ጠዋት ቀጠርኳት። የይግባኙ የመጨረሻ ቀን ያ ዓርብ ነበር። ቀኑን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ነይ ልላት እችል ነበር።

ሐሙስ ዕለት አንድ መምህር የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ላኪልኝ አለኝ። የስልኬን ኢንተርኔት ከማሽኑ ጋር አገናኝቼ ላክሁለት። ማቋረጡን ረሳሁት። እስከ ማታ ድረስ ያ ማሽን የሚስበውን ሲስብ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ስከፍተው መቶኛ እየቆጠረ ቆየና ጠፍቶ በራሱ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ነጯ ቀስት ብቻ መሐሉ ላይ ቀረች።

«እትዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለችኝ የደጋኗ ሴት።

«አልሄደም።»

ለቴክኒሻኗ ደወልኩ። «ጽሑፉ አልጠፋም፣ መግቢያው ነው የተዘጋው። በስልክ ግን አልችልም፤ ይዘውልኝ ይውረዱ» አለችኝ።

እዚህ ላይ መምረጥ ነበረብኝ። ፍርድ ቤቱ በእጅ የተጻፈም ይቀበላል፤ አውቃለሁ። ቁጭ ብለን እንደገና ብንጽፈው እስከ ቀትር ይደርስ ነበር። ነገር ግን ያን ያማረ ቃል ዳግመኛ ላላገኘው ነው ብዬ ፈራሁ። ረቂቁ ቢኖር አልፈራም ነበር። ማሽኑን ታቅፌ፣ ሴትዮዋን አስከትዬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

ቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቷል። ሰው ሁሉ ወርዶ ዳር ላይ ቆመ።

«አብሽሪ፣ እንደርሳለን» አልኳት።

«እርስዎ ካሉ» አለች።

ቴክኒሻኗ ዘንድ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። በሆነ ቁልፍ ገብታ ጽሑፉን አወጣችው፣ የጎደለውን ስም ጨመርን፣ አተመችው፣ ሴትዮዋ ፈረመች። ያ ያማረ ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይጎድል ወጣ። የመመለሻው ሚኒባስ እስኪሞላ ጠበቅን። ደሴ ፍርድ ቤቱ በር ስንደርስ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነበር።

ጠባቂው በሩን ይዞ፣ «እናቴ፣ ሰው የለም። ሰኞ» አለ።

ሰኞ ቀኑ አልፏል ተባለች። ጊዜው ላለፈ ይግባኝ ማስፈቀጃ ጠይቂ፣ ምክንያትሽን አስረጂ አሏት። የሆነውን ሁሉ በእጄ ጻፍኩላት፤ ማሽኑን ማስነካቴን ሳልደብቅ። ያንን አለመደበቄ ጎዳት። የባላጋራዋ ጠበቃ፣ ማሽኑን ጸሐፊዋ ራሷ አስነካክታ ያበላሸችው ነው፣ አመልካቿም እስከ መጨረሻው ቀን መቆየቷ ቸልተኝነት ነው ብሎ መለሰ። ፍርድ ቤቱ ተቀበለው። መሬቱን ለባሏ ወንድም አስረከበች። አሁን በሰው ማሳ ሽንኩርት ትኮተኩታለች።

ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። «ነግሬዎት ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ያልጠየቅነውን ሰሌዳ ስለለጠፉት ሰዎች አንድም ቃል አልወጣውም። ኮምቦልቻ ወረድኩ። ቴክኒሻኗ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና፣ «አፕዴቱ በራሱ እንዳይገባ ልዘጋው እችል ነበር። ሌላ ጊዜ እዘጋዋለሁ ብዬ ተውኩት። ያ የኔ ነው» አለች። ሳልጠይቃት ድርሻዋን ያነሳች እሷ ብቻ ናት።

በመጨረሻ ደጋን ሄድኩ። ሴትዮዋ ከማሳው ወጥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሰላም አለችኝ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እርስዎን አውፍ ብያለሁ። አላህም ይበልዎት። ትልቋ ልጄ ግን ወረቀቱን አነበበችው። ቸልተኛ ማለት ምንድን ነው፣ እማ፣ ምን ረስተሽ ነው አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ማኅተም አለበት።»

ደሴ ተመልሼ ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በእጄ። መሬቱን መልሱ አላልኩም፣ እሱ እንዳለፈ ገብቶኛል። ቸልተኛ የሚለው ቃል ከሴትዮዋ ላይ ተነስቶ እኔ ላይ ይጻፍ አልኩ። ማስጠንቀቂያ ሰምቼ እንዳልፈጸምኩ፣ ለባለጉዳዬም እንዳልነገርኳት ዘረዘርኩ። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሦስት ጊዜ ነገ ተመለሺ ተባልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው ሬጅስትራሩ ወረቀቴን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«እማማ፣ እርስዎ የዚህ መዝገብ ተከራካሪ አይደሉም። ጥፋቱን ቢያምኑም ልንመዘግብልዎት አንችልም።»