የቀላሁባቸው ወራት

አፋር፣ ሎጊያ ላይ ሰው በፀሐዩ ይጠቁራል እንጂ አይቀላም። ከወሎ ወርጄ ሻይ ቤት የከፈትኩ ሰሞን እኔም በሁለት ወር ውስጥ ከሰል መስዬ ነበር። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ግን ነገሩ ተገለበጠና መቅላት ጀመርኩ። ደንበኞቼ የሆኑት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ «እርግዝናው ተስማምቶሻል፣ እንዴት ቀላሽ!» ይሉኛል። ሌላ ሴት ብትሆን ደስ ይላት ነበር። እኔ በሰማሁት ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ታላቅ እህቴ ልትወልድ ሰሞን እንዲሁ ቀልታ ነበር። መንደሩ በሙሉ «አማረባት» ሲል እኔ በልጅነት እቀናባት ነበር። ጠዋት ቤት ውስጥ ወለደች፤ ደም ፈሰሳት፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች። ዘግይቶ የደረሰው የጤና ሠራተኛ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ አየና «ድሮም ደም አልነበራትም» አለ። ያ ንግግር ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ እኔ ክትትል አላጓደልኩም። በየቀጠሮዬ በባጃጅ ሰመራ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ያረገዝኩት የመጀመሪያዋን ልጄን ጡት ሳላስጥል መሆኑን ስትሰማ ሲስተሯ ራሷን ነቀነቀችና ለደም ማነስ የብረት ኪኒን ሰጠችኝ። ወላሂ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ባለቤቴ ከሚሠራበት ጋራዥ እየደወለ «ዋጥሽ?» ይለኛል፤ «ዋጥኩ» እላለሁ። ቅላቴ ግን ባሰ። ከምድጃው እስከ በሩ ስሄድ ትንፋሼ ይቆራረጥ ጀመር።

በስምንተኛው ወር ሲስተሯ ደሜን መረመረች፤ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ኪኒኑን ትተሽዋል አይደል?»

«አልተውኩም!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ።»

የቀረችኝ ትንሽዬ ደም ፈላች። የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ አገላበጠችው።

«በምንድን ነው የምትውጪው?»

«በሻይ ነዋ።»

በሌላ በምን ልዋጥ? የበርሜሉ ውሃ ትኩስና ጨው ጨው የሚል ነው፤ ኪኒኑን በሱ ስውጥ ያስመልሰኛል። ከራሴ ማንቆርቆሪያ ወፈር ያለ ሻይ ቀድቼ አወራርደዋለሁ፤ ምግብ በበላሁ ቁጥርም አንድ ብርጭቆ እደግማለሁ።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሻይ እኮ ብረቱን ይይዘዋል፣ የኔ እናት። ሰውነትሽ ሳያገኘው ያልፋል። ሻይ ቤት እንዳለሽ እያወቅኩ አለመጠየቄ የኔም ጥፋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በውሃ፣ ሎሚ ጨምቀሽበት። ምጥ ሲጀምርሽ ቀጥታ ሆስፒታል ሂጂ፤ ደም የሚሰጥሽ ሰውም ካሁኑ ይዘጋጅ።»

እነዚያን ሳምንታት የኖርኩት በፍርሃት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ሻይ እየቀዳሁ እኔ አልቀምስም። ደጃፌ በቆመ ባጃጅ ሁሉ ስፖኪዮ የዓይኔን ቆብ እየገለበጥኩ አያለሁ፤ ነጭ ነው። ባለ ባጃጆቹ «ኩል ልትኳይ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ሥጋና ምስር እበላለሁ፤ ውሃውን አፍንጫዬን ይዤ እጠጣለሁ፤ ሌላው ቀርቶ ልጄን ስስማት እንኳ የስንብት ይመስለኛል። ያ ረቢ፣ እኔ ሳልኖር ማን ያሳድጋታል?

ምጡ ማለዳ መጣ። ሆስፒታል ደርሼ ወንድ ልጅ ወለድኩ፤ ወዲያው አዋላጇ «ደም እየፈሰሳት ነው!» ስትል ሰማሁ። እግሬ ቀዘቀዘ። እህቴ የተኛችበት መደብ ታየኝ። እየሮጡ መርፌ ወጉኝ፤ ሆዴን እየተጫኑ አሹኝ፤ ቀድሞ ተመርምሮ የተዘጋጀውን የባለቤቴን ደም ሰቀሉልኝ። ምላሴ እየተሳሰረ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ስምንት ተኩል።»

እህቴ ስምንት ሰዓትን አላየችም። አልሐምዱሊላህ ማለቴን አስታውሳለሁ።

አራስነቴን ጨርሼ ሻይ ቤቱን ስከፍት አንድ ነባር ደንበኛዬ ከመኪናው ወርዶ ትክ ብሎ አየኝ።

«ምነው እንዲህ ጠቆርሽ? ወሊዱ ጎዳሽ እንዴ?» አለኝ።

ጠቆርሽ! ደሜ ተመልሷል ማለት ነው፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ እንባዬን ለቀቅኩት። ሰውዬው ያስቀየመኝ መስሎት ይቅርታ ይለኛል። እህቴ ግን እንዲህ እስክትባል አልቆየችም።