ቡሽራ ፎቶ አንሺውና የራስ ደጀን በረዶ

ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ጎንደር ላይ ፎቶ የተነሣ ሰው ሁሉ ፊቱ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ፎቶዎቹን ያየ ሰው በዚያ ዘመን ለምጽ የያዘው፣ ሽበት ያወጣ ሰው አልነበረም ብሎ ሊምል ይችላል። ነበረ እንጂ! ቡሽራ ቤት ደርሶ ሲወጣ ነው የሚጠፋለት።

ቡሽራ ሙያውን የተማረው በጣሊያን ጊዜ፣ አንድ ጣሊያን ፎቶ አንሺ ዘንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶ መስታወት እያጠበ ነው። ጣሊያኑ ሲባረር ባለ ሦስት እግሩን ትልቅ ካሜራ መሸከም አቅቶት ትቶት ሄደ። ቡሽራ ፒያሳ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ሥራ ጀመረ። እኔም እዚያው ሠፈር ይህንኑ ሙያ ስለምሠራ ስለ ጥራቱ እመሰክራለሁ፤ ደንበኞቼን ሁሉ ወስዶብኛል። ግድግዳው ላይ የፋሲል ግንብ የተሣለበት ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። እውነተኛው ግንብ በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ጎንደሬው ግን የሚሰለፈው ጨርቁ ፊት ነበር። የጨርቁ ግንብ አልፈረሰማ!

ጨርቁን የሣሉት አያ ክንዱ ናቸው። ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ኖረው፣ ጉልበታቸው መሰላል አልወጣ ሲላቸው ቡሽራ ዘንድ ነጋቲቭ ማጽዳት ያዙ። ያን ጊዜ ነጋቲቭ መስታወት ነው። ነጭ የሆነ ነገር ሁሉ መስታወቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያንን ጥቁር በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለው ሲፍቁት ወረቀቱ ላይ ነጩ ይጠፋል። ለምጹም፣ ሽበቱም፣ የአቧራው ነጠብጣብም እንዲሁ ይሄዳል። የቡሽራ ትእዛዝ አንድ ነበረች፤ "አያ ክንዱ፣ ነጭ ጣል ጣል ያለበት ካዩ እኔን አይጠብቁ፤ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት።"

ይህ ሰው የሐጂ አብዱልጀሊልን ልጅ ዙሌይካን ወደደና ሽማግሌ ላከ። ሐጂ አቡጀዲ ይሸጣሉ፤ ሲመቻቸው በቅሎም ያሻሽጣሉ።

"ልጁ ምን ይሸጣል?" አሉ።

"ፎቶ።"

"ጥላ በሉኛ! የኔ አቡጀዲ ይዳሰሳል። ጥላ ሻጭ ልጄን ምን ሊያበላት ነው፣ ጨለማ?"

ሽማግሌዎቹ አልተነሡም። በመጨረሻ ሐጂ እንደ ገበያ ሰው ዋጋቸውን ጠሩ። "የሰሜን ነጋዴ ሁሉ ራስ ደጀን እንደ አቡጀዲ የነጣ በረዶ አለው እያለ ይምልልኛል። የነጋዴ መሐላ ምን እንደሆነ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጁ ሙያ ካለው ያንን በረዶ ወረቀት ላይ አምጥቶ ያሳየኝ፤ ዙሌይካን ይውሰድ።" ለመንገዱም ዳማ በቅሏቸውን አዋሱት። ደግነት አይደለም፤ በቅሎዋ ጀርባዋን ኮርቻ መትቷት፣ ቁስሉ ቢድንም ነጭ ጠባሳ ጥሎባት፣ ገዢ አጥታ የቆመች ነበረች።

ዙሌይካ በእህቷ በኩል ላከችበት፤ "በረዶው ካለ አምጣው። ከሌለም አምጣው።"

ቡሽራ ደባርቅ ላይ ሰጠኝ የሚባል መንገድ መሪ ያዘ። አንድ አስተማሪ ሰሜን ጥንት እሳት የሚተፋ ተራራ ነበር ብሎት ስለነበር፣ እግረ መንገዱን እሳቱንም ሊያነሣ አስቧል።

"አያ ሰጠኝ፣ እሳት ይተፋ ነበር የሚባለው የትኛው ነው?"

ሰጠኝ በዱላው መሬቱን መታ መታ አደረገ። "የቆምክበት ነው።"

"ምነው ታዲያ አይጨስ?"

"ዘገየህ ወንድሜ። አያቴም አልደረሰበት።"

ዳገቱ ላይ በቅሎዋ አዳለጣትና የመስታወቱ ሣጥን ወደቀ። ከአንድ መስታወት በቀር ሁሉም ደቀቀ። ያችን አንዷን ቡሽራ እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልሎ አቅፏት ወጣ። ሲነጋ ራስ ደጀን ታየ፤ ጫፉና ትከሻው ላይ አመዳዩ ተጋግሮ፣ እዚህም እዚያም ነጭ ጣል ጣል ብሎበታል። ቡሽራ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ሊያነሣ ሲል ሰጠኝ በቅሎዋን እየጎተተ ፊት ለፊት ቆመ።

"ዞር በል እንጂ፣ ተራራውን ነው የማነሣው!"

"ሰው የሌለበትን ተራራ ማን ያምንሃል? ከአዘዞ ጀርባ ያለ ድንጋይ ነው ነው የሚሉህ። እኔ ምስክርህ ነኝ። በቅሎዋም ትመስክር።"

ነገሩ እውነት ስላለው ቡሽራ ሦስቱንም አነሣቸው፤ ተራራውን፣ ሰውየውን፣ በጎኗ የቆመችውን በቅሎ።

ጎንደር የገባው ለጁምዓ ዋዜማ ነው። መስታወቱን አጠበ፤ በረዶው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። እንዲደርቅ መደርደሪያው ላይ አቆመውና በማግሥቱ ለአላህ ምስጋና ሊያደርስ መስጊድ ሄደ። ሲመለስ አያ ክንዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከምላጩ ላይ ዱቄት እፍ ይላሉ።

"አያ ክንዱ! በረዶው የታለ?"

"የቱ በረዶ?"

"ተራራው ላይ የነበረው ነጩ!"

"ለምጹን ነው የምትል? ፋቅሁልህ። ምን ያለ ተራራ ነው ጃል፣ ገላው ሁሉ ተዥጎርጉሮ! አሁን ሸጋ ሆነ።"

"የኔን ቤት አፈረሱት!"

"ነጭ ካዩ እኔን አይጠብቁ ያልከኝ ማን ነው? አልጠበቅሁህም።"

ቡሽራ ዓመቱን ሙሉ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። ሌላ መስታወት የለ፤ ሐጂ ደግሞ መመለሱን ሰምተው ልከውበታል። እንደ ቅጠል የጸዳውን ራስ ደጀን ወረቀት ላይ አትሞ ወደ ሱቃቸው ሄደ። ዙሌይካ ከመጋረጃው ኋላ እንደቆመች ያውቃል፤ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል።

ሐጂ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞሩት። "በረዶው?"

"ተፋቀ።"

"ማን ፋቀው፣ ፀሐይ?"

"አያ ክንዱ።"

ሐጂ ፎቶውን ሊመልሱለት እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ድንገት ሰበሰቡት። ዓይናቸውን አጠበቡ። "ይህች በቅሎ የማን ናት?"

"የእርስዎ ናት።"

"የኔይቱ እኮ ጀርባዋ ላይ ነጭ ጠባሳ አለባት።"

"በረዶው በሄደበት ሄዷል።"

ሐጂ ፎቶው ላይ የበቅሎዋን ጀርባ በጣታቸው ዳሰሱ። ያሰቡት ባለፈው ጊዜ ጠባሳዋን አይቶ ሳይገዛ የተመለሰውን የአይከል ነጋዴ ነው። ፎቶውን በሐር ጨርቅ ጠቅልለው ከኋላቸው መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

"ስማ፣ ልጄ" አሉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነግጄ ጉድለት መሸፈን ቻልኩ እንጂ መፋቅ አልቻልኩም። አንተ ጥላ ሻጭ አይደለህም። ነጋዴ ነህ።"

ኒካው በወሩ ታሰረ። ሙሽራ ራሱን አያነሣምና ያነሣኋቸው እኔ ነኝ፤ ከቡሽራ ደጅ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሥራ። ዙሌይካ ካሜራው ፊት ከመቆሟ በፊት ጠጋ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

"መስታወቱን ራስህ እጠበው፣ ወንድም ዓለም። አያ ክንዱ ዘንድ እንዳይደርስ። ነጭ ለብሻለሁ።"