«መሃይም» ብዬ የጻፍኳቸው ሸህ

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ከከሚሴ ወጥቼ በጨፋ ሳልፍ፣ ከማሽላው መሀል ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሲፈሱ አየሁ። ያ ሰፈር ትምህርት ቤት ሳይኖረው አውቀዋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተመደብኩት እዚያ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ነው፤ የቦርከና ወንዝ ከሙላቱ ገና አልጎደለም። የከተማ ልጅ ነኝና ጭቃው ሁለት ጊዜ ጫማዬን ዋጠብኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ስመዘግብ ሸህ ኢንድሪስ ደጅ ደረስኩ። ሽማግሌው ግራር ሥር ተቀምጠው ልጆች ቁርኣን ያስቀራሉ።

«ነጋ ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝ፤ በኦሮምኛ «ደኅና አደርሽ?» ማለታቸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ። አባባ፣ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?»

«የናንተን ፊደል አልለይም።»

«መሃይም» ብዬ ጻፍኩ። አጠገባቸው የነበረ ጎረምሳ ምን እንደጻፍኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም የማሽላ እሸት ጠብሰው ሰጡኝ፤ እየበላሁ ሄድኩ።

በማግሥቱ ለማስተማሪያ የተሠራልኝ ዳስ ባዶውን ዋለ። በሦስተኛው ቀንም አንድ ሰው አልመጣም። ተመልሼ ለአለቆቼ ምን እንደምል ጨነቀኝና ከሰሌዳው ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያሳደሩኝ እማማ ዘሃራ መጥተው፣ «ሸሃችንን ጃሂል ብለሽ ጽፈሽ ማን ይምጣልሽ?» አሉኝ።

እየፈራሁ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሸህ ኢንድሪስ ቤት ገቡና በቆዳ የተለበደ ወፍራም ደብተር ይዘው ወጡ። በዐረብ ፊደል ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበታል።

«አንብቢልኝ እስቲ።»

«አልችልም» አልኩ፤ ፊቴ ጋለ።

ራሳቸው አነበቡልኝ። ቋንቋው አማርኛና ኦሮምኛ ነበር! ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ አንበጣ የገባበት ዓመት፣ ወንዙ ከብት የወሰደበት ክረምት... የመንደሩ ዕድሜ ሁሉ እዚያ አለ።

«ታዲያ አሁን አንቺን ምን ብዬ ልጻፍሽ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ፣ «አይዞሽ ልጄ። ዒልም፣ ዕውቀት፣ በሯ ብዙ ነው። የኔን ላሳይሽ፣ ያንቺን አሳዪኝ» አሉኝ።

ቃሉን ፊታቸው ሰረዝኩት። በማግሥቱ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ቀትር ሳይሞላ ዳሱ ጠበበ። እሳቸው ፊደሉን በሁለት ሳምንት ጨረሱት፤ እኔ በእሳቸው ፊደል እስከምመለስ ድረስ የደረስኩት ስሜን እስከመጻፍ ብቻ ነው።

አላህ ይዘንላቸው፣ ካረፉ ቆዩ። እኔ ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ተማሪ በመጣልኝ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው የሚያውቀውን ነበር። ብዙ ጊዜም መልሱ እኔ የማላውቀው ይሆናል።