ዘሃራ የሳለችው ዝናብ

ባለፈው ቅዳሜ በሐይቁ ዳር በእግሬ ስመለስ፣ አንድ ወጣት ሠዓሊ ሥዕሎቹን አጥር ላይ ደርድሮ ሲሸጥ አገኘሁና ገና ያልደረቀው ቀለም ሽታ ያዘኝ። ከገዳማቱና ከታንኳዎቹ መሐል አንድ የድሮ የጃፓን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ድልድይ፣ በድልድዩ ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የሚጣደፉ ሰዎች፣ ከላያቸው የሚወርድ ዝናብ። «በእጅ የተሳለ ነው እትዬ፣ ማተሚያ አልነካውም» አለኝ፤ ከስልኩ አይቶ ነው የገለበጠው። እኔም ሳላስበው «ዝናቡ ወፍሯል» አልሁት። ልጁ ቅር አለው። ያን ዝናብ አሳምራ የገለበጠች አንዲት ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሷ እኔ አለመሆኔ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባቴ ከሐይቁ ማዶ የደልጊ ሰው ነው። በልጅነቱ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ፣ ባሕር ዳር ከገባ በኋላ ግን የሱቅና የመሥሪያ ቤት ታፔላ እየጻፈ ያሳደገን ሰው ነበር። ለዓሣ ጥናት መጥቶ የነበረ አንድ ጃፓናዊ አገሩ ሲመለስ የግድግዳ ካላንደር ተወለት፤ በየወሩ ገጽ ላይ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ አንድ አንድ የጥንት ሥዕል ነበረበት። አባቴ «ዝናብን ከእንጨት የሚፈለቅቅ ሰው እጁ ይባረክ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ከረመ። ይህን ያየ የአንድ ማረፊያ ቤት ባለቤት ታዲያ ሁሉንም በትልቁ በእጅ ገልብጦ ክፍሎቹን እንዲያስጌጥለት ለመነው፤ አባቴም አቡጀዲውን ወጥሮ፣ ሙጫ ቀብቶ ጀመረ። ረዳቶቹ እኔና የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ልጅ ዘሃራ ነበርን፤ ሁለታችንም አምስተኛ ክፍል ነን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ወርውረን ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እንቀመጣለን፤ አባቴ በከሰል የተለወሰ ክር ወጥሮ ካሬ ያወጣልናል፣ እኛ ከካላንደሩ ካሬ ወደ አቡጀዲው ካሬ መስመር በመስመር እንገለብጣለን፣ የዘሃራም የሻሿ ጫፍ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ሳይነከር የዋለበት ቀን አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ይሰጣል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ወይም ሰይጣን ነው። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። ስለዚህ ከካላንደሩ በአንዱ ሥዕል ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ጃፓናዊ በጎኑ ተስሎ ሳገኘው አንጀቴን በላኝ፤ ምንም ሳይበድል ከይሁዳ ጋር መመደቡ አልዋጥልኝ ብሎ ፊቱን አዞርሁና ሁለተኛ ዓይን አወጣሁለት። ሰውዬው መቅዘፉን ትቶ እኛን ማየት ጀመረ። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ጥሩወርቅ፣ ይሄ ሰው ጻድቅም አይደል፣ ኃጥእም አይደል፤ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው» አለኝ።

ሳቁ ሳያልቅ ወደ ዘሃራ ዞረ። የድልድዩ ሥዕል የእሷ ድርሻ ነበር። በቀጭን ብሩሽ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እያንዳንዱን የዝናብ መስመር ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ስባ ታወርደዋለች። አባቴ እናቴን ከጓዳ ጠራት፦ «ነይ እስኪ፣ ይችን ልጅ እዪልኝ! እንዲህ ያለ እጅ እኔም የለኝ።» ለእኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም። እኔን ጥሩወርቅ ብሎ ሙሉውን ነበር የሚጠራኝ፤ እሷን ግን ዘሃራዬ ይላታል። ጆሮዬ ጋለ፤ የምወዳት ጓደኛዬ እጇ ቢሰበር ብዬ ተመኘሁ። የቀረው ለማረፊያ ቤቱ መግቢያ የታሰበው ትልቁ የማዕበል ሥዕል ብቻ ነበር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስቋምጥለት የነበረው፤ አባቴ «ማዕበሉን ዘሃራ ትሳለው» ብሎ ጨረሰው።

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኋት። «አባባ እንዳትመጪ ብሏል፤ ሥራ ታበላሻለች አለ» አልኋት።

«ጋሼ ናቸው ያሉት?»

«አዎ።»

አላለቀሰችም። አባቴ የሰጣትን ብሩሽ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝና «እሺ» ብላ ገባች። የትልቅ ሰው ቃል ተመልሶ አይጠየቅም።

አባቴ ሦስት ቀን የተወጠረውን አቡጀዲ ባዶውን አስቀምጦ ጠበቃት። እናቴ ሄዶ እንዲጠይቅ ብትወተውተው «ተይው፣ በእነሱ ዘንድ የሰው መልክ መሳል አይወደድም ይባላል፤ ሐጂ ሊነግሩኝ አፍረው ይሆናል፣ ሄጄ ባስጨንቃቸው ነውር ነው» አላት። ሐጂም በበኩላቸው ልጄ አስቸግራቸው ነው ብለው ዝም አሉ። ሁለቱ በአጥር ላይ ጎንበስ ብለው ሰላምታ መለዋወጣቸውን፣ በበዓል በበዓሉም ዳቦና ተምር መላላካቸውን አላቋረጡም፤ ውሸቴን ያኖረልኝ የእነሱ ጨዋነት ነው። ማዕበሉን እኔ ሳልሁት። አባቴ አየና «ደኅና ነው» አለ፤ ጠዋት ስነሣ አረፋውን እንደ አዲስ ሲስለው አገኘሁት።

ዛሬ ማረፊያ ቤቱ ፈርሷል፣ ማንጎውም ለሕንፃ ተቆርጧል። አባቴን በመጨረሻው ክረምቱ ያጠብሁት፣ በእጄ ያጎረስሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት «ያች የሐጂ ልጅ ግን ለምን ቀረች ይሆን?» አለ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖኝ ጆሮዬ እንደገና ጋለ። «እኔ እንጃ፣ አባባ» አልሁት። በሳምንቱ ዐረፈ።

ዘሃራ የአባቷን የጨርቅ ንግድ ይዛ ወረታ ከተማ ትኖራለች። ዓምና ወደ ሱቋ ብገባ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ጋሼን አላህ ይዘንላቸው። ምን እንዳበላሸሁባቸው ሳልጠይቃቸው ቀረሁ» አለችኝ፤ ይህን እያለች የመረጥሁትን ጨርቅ ያለ ምልክት፣ ያለ ማስመሪያ፣ በአንድ የመቀስ ስበት ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ያን እጅ አይቼ አሁንም ቀናሁ። ምንም እንዳላበላሸች፣ አባቴ እስኪሞት እንደ ጠበቃት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ብነግራት ለእሷ ሸክም ይቀልላታል፤ እኔ ግን አባቴን ላካፍላት ነው። ጨርቄን ተቀበልሁ፣ ጉንጯን ስሜ ወጣሁ።